ለፔነር የነገርኩት

ላ ሮንጅ፣ ሳስካችዋን
ኦክቶበር 27

ለልጄ ለሮክሳን፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብርዱን ከሬዲዮ ቀድሞ ያውቃል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ ሆኖ መርጋት ጀምሯል፤ የመጨረሻውን ዓሣ ትናንት በጭስ አደረቅን።

ያን ዕለት በስልክ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። «እማ፣ ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። ማስተማር አልችልም ይሆናል» አልሽኝ። አንጀቴን በላሽው። ዩኒቨርሲቲው ኮርስሽን ሊዘጋ፣ አንቺንም ሊያሰናብት የተነሳው ተማሪዎችሽ በጻፉት አስተያየት ነው መባሉ ደግሞ አናደደኝ።

ታዲያ ማክሰኞ ዕለት የዩኒቨርሲቲው ገምጋሚ ሚስተር ፔነር ራሱ ከተፍ አለልሽ። የነባር ሕዝቦችን ጥናት የሚያስተምር ሰው በምን እንደሚመዘን አዛውንቶችን ልጠይቅ ብሎ ነው። ሻይና ዓሣ አቀረብኩለት። ጨዋ ሰው ነው፤ እሾሁን እየለቀመ ቀስ ብሎ ይበላል። ሲጨርስ ከዚህ ሄደው አንቺ ዘንድ የሚማሩትን የልጆቻችንን አስተያየት አነበበልን።

«‹ዶክተር ሮክሳን ስትራመድ የጠገበች ዝይ ትመስላለች።› ‹የጋገረችው የባኖክ ቂጣ የታንኳ ቀዳዳ ይደፍናል።› ‹በሚቀጥለው ዓመትም ታስተምራለች አሉ፤ እግዜር ይድረስልን!›»

አንብቦ ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሰው አንገቱን ደፋ።

ጎረቤቴን ሂልዳን ሳቅ አፈናት፤ ሻይዋ በአፍንጫዋ ወጣ። «የኔ ጌታ፣ ዝይዋን የጻፈችው የኔ የልጅ ልጅ እኮ ናት! ዓመቱን ሙሉ ሮክሳን እንዲህ አለች፣ ሮክሳን እንዲህ አደረገች ስትል ነው የከረመችው።»

«ታዲያ ለምን ትሰድባታለች?»

«ስለምትወዳት ነዋ! እኛ የጠላነውንማ በጨዋ ቃል ነው የምንሸኘው።»

ፔነር ወረቀቱን አገላበጠ። «የከተማዎቹ ተማሪዎች ‹ጥሩ ነበር፣ እናመሰግናለን› ነው ያሉት።»

«እነዚያን ነው መፍራት!» አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ እናቷ፣ ምን ይላሉ?»

«ድስት እንኳ አጥባ አታውቅም» አልኩት፣ ልማድ ሆኖብኝ። መጻፍ ሲጀምር ሂልዳ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ኦዲል! ዛሬ ቀልድ የለም፤ የልጅሽ እንጀራ ነው።»

እኔ እንደምታውቂኝ ሰው ማሞገስ አልተማርኩም። እናቴም አላሞገሰችኝም። ግን ጨከንኩና ተናገርኩ። «ባለፈው ወር ተማሪዎቿን እዚህ ስታመጣ ከኋላ ቆሜ አየኋት» አልኩት። «አንዱ ልጅ መረቡን ቀደደው። ሳትቆጣው አጠገቡ ቁጭ ብላ አብራው ጠገነች፤ እየጠገኑም የመረቡን ክፍል ሁሉ በቋንቋችን በክሪ እየጠራች አስጠናችው። ሲነሱ ልጁ ለሌሎቹ ያስተምር ነበር። እናቴ የተመለሰች መሰለኝ። በልጄ እኮራለሁ።» እንባዬ መጣ፤ ጭሱ ነው አልኩ። እሳት እንኳ አልነበረም።

ፔነር ብዕሩን አስቀመጠ። ኮሚቴው ፊት ቆሞ እንደሚከራከርልሽ ቃል ገባልኝ፤ ውሳኔው ግን የእሱ ብቻ አይደለም። ሰኞ ይሰበሰባሉ። የሚሉትን ይበሉ፤ ማስተማር አልችልም የሚል ነገር ግን ሁለተኛ ካፍሽ እንዳልሰማ።

ደግሞ ያን ሁሉ የነገርኩት ለእሱ ነው፤ ላንቺ አይደለም። እንዳትኮፈሺብኝ።

ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም። ለገና ነይ። ስትመጪ ከዚያ ባኖክሽ ጋግረሽ አምጪ፤ ታንኳዬ ቀዳዳ አበጅቷል።

እናትሽ ኦዲል