መስመሩ የት ያልቃል

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 2 ሰዓት
የክትባት መጋዘኑን ጠረግሁ። ፍሪጆቹን አየሁ፤ ሦስቱም ደህና። አሁንም ተነስቼ አያለሁ። 

5 ሰዓት
ደብተሬ፣ ጣጣ መጣ። አዲሱ ሙቀት መዝጋቢ በየሰዓቱ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ጽሑፉን ሎግ ይሉታል። ኃላፊያችን ኦቦ ለሚ ያለፈውን ሳምንት በኮምፒውተሩ ከፈተው። «የተመዘገበ መስመር፦ 1» አለ። አንድ! የመዝጋቢውን መሰኪያ ነቅለሽ ስልክሽን ቻርጅ አድርገሻል አለኝ። አንቺ ብሎ፣ ልጄን የሚያህል ሰው። አልነቀልኩም። ማን ይሰማል? መዝገቡ ከሌለ ክትባቱ ይጣላል። እኔም አብሬ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። 4 ሰዓት
ኦቦ ለሚ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ። ፈርሚ አለ።
አንገር ጉቲን ሳለን፣ ሳላነብ፣ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አትሜያለሁ። ከጣቴ በላይ ባዶ ነበር። በኋላ ሞሉት። የእርሻ ቦታዬ በዚያ ወረቀት ሄደ። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ወዲያ ነው፤ በሃምሳ ዓመቴ፣ በንዴት።
አንብቤ እመልሳለሁ አልኩት። ሳቀ።

ከቀኑ 7 ሰዓት
ኦቦ ለሚ ምሳ ወጣ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሎጉ እንደተከፈተ ነው። በእርግጥም አንድ መስመር። ግን አያልቅም! ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይሄዳል። የፈረንጅ ፊደሉን አላውቅም፤ ቁጥሩን አውቃለሁ። ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ ተከተልኩ። ሰዓቱ ከ00 እስከ 23፣ እንደገና ከ00። ሰባት ጊዜ ዞረ። ሳምንቱ ሁሉ አለ!
መጻፍ ስጀምር እኔም ወረቀት ለመቆጠብ ሳልወርድ እደረድር ነበር። አስተማሪዬ ይሄ ጎርፍ ነው ይለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ኮምፒውተር የምትጠግነውን ጫልቱን ጠራሁ። ያገኘሁትን አሳየኋት። አይታ ሳቀች። «አዴ ዘነቡ፣ እኔን ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው እንዴ?»
አዲሱ መዝጋቢ የሚሠራው በሊኑክስ ነው አለች። መስመር ሲያልቅ አንድ የማይታይ ምልክት ያደርጋል፦ ውረድ። የኦቦ ለሚ አሮጌ ዊንዶውስ ሁለት ይፈልጋል፦ ተመለስ፣ ውረድ። አንዱን ብቻ ሲያይ መስመሩ ያለቀ አይመስለውም።
ወዲያው ገባኝ። ቀበሌ ስጠርግ ታይፒስቷን አይ ነበር። የታይፑን ጋሪ መመለስ፣ ወረቀቱን ከፍ ማድረግ። ሁለት ሥራ።
ጫልቱ መስመር የሚቆጥረውን ፕሮግራም ሁለቱንም ዓይነት እንዲቀበል አስተካከለችው። መቶ ስልሳ ስምንት መስመር። ሙቀቱም ልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። 3 ሰዓት
ክትባቱ ወደ አርጆ ተጫነ። ከኦቦ ለሚ ይቅርታ የለም። ደብዳቤው ቁጥር ወጥቶለታል፣ ለፋይሉ ያህል ፈርሚ ይላል። ለፋይሉ ያህል! ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ራሷን ነቀነቀችልኝ፣ እንዳትፈርሚ ብላ።
አልፈርምም። መልሱን ራሴ እጽፋለሁ። እያንዳንዱ ነገር በየመስመሩ። ከስሜ በላይ አንድ ጣት የሚያህል ባዶ አልተውም። እንዲህ ብዬ ጀምሬዋለሁ፦
እኔ ወ/ሮ ዘነቡ መሰኪያ አልነቀልኩም።
መዝገቡን ራሴ በጣቴ ተከትዬ አንብቤዋለሁ፤ ሙሉ ነው።