የዚያ ረቡዕ ድምፄ

ውድ ኔሪስ፣

ካርድሽ ትናንት ጠዋት ደረሰኝ። ቅዳሜ ሳምንት በስንብት እራቴ ላይ ተገኝተሽ ንግግር እንደምታደርጊ ጽፈሽልኛል። በሰማንያ አንድ ዓመትሽ፣ በዚያ ጉልበትሽ፣ ከናንትላስ ተራራ ወርደሽ፣ ሦስት ባቡር ቀይረሽ፣ የእኛ ፓርቲ ሰዎች በሞሉበት አዳራሽ ልታመሰግኚኝ ነው። የምትናገሪውንም አልደበቅሽኝም። "ስለዚያ ስህተት እነግራቸዋለሁ፤ ሰው በሌላ ሰው ጥፋት ሲያለቅስ ያየሁት አንተን ነው" ብለሻል።

ኔሪስ፣ ስህተት አልነበረም። ይህን ለመጻፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ። አውቄ ነው ድምፅ ልሰጥ የገባሁት።

አሁን ወረቀቱን አስቀምጠሽ መስኮቱን የምታዪ ይመስለኛል። ጊዜ ውሰጂ። እኔም ከዚህ በታች ያለውን ለመቀጠል ሁለት ጊዜ ተነስቼ ተቀምጫለሁ።

ወይዘሮ ሂልዳ ብራኬትን ታስታውሻታለሽ፣ የኦልደርዊክ የፓርቲ ማኅበራችን ሊቀመንበር ናት። ባለፈው ሳምንት በደስታ ደወለችልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በምክር ቤት የሰጠሁትን ድምፅ አስፈትሻ፣ ከፓርቲዬ በተቃራኒ የቆምኩበትን ቀን ስትፈልግ ከርማለች። "ዜሮ ነው፣ ሰር ዴንዚል" አለችኝ። "አንድም ቀን የለም። በእራቱ የምግብ ዝርዝር ሽፋን ላይ በወርቅ ቀለም አሳትመነዋል።" ናሙናውን ልካልኛለች። እውነትም ትልቅ የወርቅ ዜሮ ነው፤ ከሥሩ የበግ ጥብስ ይላል። ድሮ ቢሆን በፍሬም አስገብቼ ሳሎን እሰቅለው ነበር።

አንቺ ስለዚህ ነገር ስትቀልጂብኝ ኖረሻል። "ዴንዚል፣ ፓርቲህ ዘነበ ካለህ እኮ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ትዘረጋለህ" ትይኝ ነበር። የከተማዬ ፍርድ ቤት እንዲዘጋ ድምፅ ሰጥቼ፣ በሳምንቱ "ፍርድ ቤታችን አይዘጋ" በሚል ሰልፍ ፊት ቆሜ ፎቶ የተነሳሁ ጊዜ ጋዜጣውን ቆርጠሽ በፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ከተሽልኛል። ከጎኑ ደግሞ "የትኛው ነው አንተ?" ብለሽ ጽፈሽበታል። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። ታማኝነት ነው ብዬ አምን ነበር። አባቴ አርባ ዓመት አንድ የዕቃ መደብር ውስጥ ሠርቶ የወጣ ሰው ነው፤ ቤታችን ውስጥ ሰው የሚመሰገነው ቦታውን ባለመልቀቁ ነበር። እኔም ቦታዬን አልለቀቅኩም፤ ሌላ ምን እንደለቀቅኩ ግን አልጠየቅኩም።

በድምፅ አሰጣጥ ጥንድ የሆንንበትን ቀን አልረሳሁትም። ሁለታችንም ገና አዲስ ነበርን። የምክር ቤቱ ሻይ ቤት ውስጥ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተሽ፣ ሳትቀመጪ፣ "አንተ ሐሙስ ሐሙስ እናትህ ዘንድ መድረስ ትፈልጋለህ፣ እኔ ባሌ ዘንድ። አንተ አይ ስትል እኔ አዎ ነው የምለው። ድምፃችን እርስ በርሱ እየተጣፋ ለምን እንለፋለን? ሁለታችንም እንቅር፣ ማንም አይጎዳም" አልሽኝ። አሮጌ ልማድ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ፊርማ የለው፣ ዳኛ የለው፤ አባላቱን ለድምፅ የሚሰበስቡት የፓርቲ ተጠሪዎች መዝገብ ላይ ስማችን ጎን ለጎን ይጻፋል፣ የቀረው ቃል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጥንዴ ነበርሽ። አንድም ቀን አላታለልሽኝም። እናቴ የሞተች ሰሞን ፓርቲሽ ድምፅ ስጪ ብሎ አስጨንቆሽ ሳለ እንኳ ደጅ ወጥተሽ አግዳሚ ወንበር ላይ በዝናብ ተቀምጠሽ ድምፅ መስጠቱ እስኪያልቅ ጠብቀሻል፤ ይህን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው።

ከዚያ ያንቺ ረቂቅ ሕግ መጣ። የጣሪያ ድንጋይ በሚፈለጥበት ካባ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው አቧራው ሳንባቸውን የበላው፣ ኩባንያቸው ደግሞ ተዘግቶ የሚከሱት ያጡ ሰዎች መንግሥት እንዲክሳቸው የሚል ነበር። ስድስት ዓመት የለፋሽበት ነው። የእኛ ፓርቲ "ተቃወሙ" አለ። እኔም እቃወም ነበር፤ ያ ሥራዬ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ በዚያ አልተቀያየምንም።

ሰኞ ዕለት፣ ድምፁ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከባልሽ አልጋ አጠገብ ደወልሽልኝ። ድምፅሽ ዝግ ያለ ነበር። "ጎሮንዊ ትንፋሽ አጥሮታል። ሐኪሙ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ነው ያለው። ረቡዕ ትቀርልኛለህ? የማትችል ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፣ እህቱ አጠገቡ ትሆንና እኔ ባቡር እይዛለሁ። ራሱም ሂጂ እያለኝ ነው።"

"አንቺ አጠገቡ ሁኚ" አልኩሽ። "እኔ ከወንበሬ አልነሳም።"

እንዲህ ነው ያልኩት። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የድምፅ መስጫው ደወል ሲደወል ሻይ ቤት ነበርኩ። እንደምታውቂው ደጋፊው በአንድ በር፣ ተቃዋሚው በሌላ በር ገብቶ ለመቆጠር ስምንት ደቂቃ አለ፣ ከዚያ በሮቹ ይቆለፋሉ። የእኛ ተጠሪ ክራሾው መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሁለት የእኛ ሰዎች የተሳፈሩበት ባቡር መንገድ ላይ ቆሟል አለኝ። አንድ ሰው ይጎድለናል አለኝ። ከኔሪስ ጋር ጥንድ ነኝ አልኩት።

"አውቃለሁ፣ መዝገቡን አይቼ ነው የመጣሁት" አለ። "አላስገድድህም፣ ዴንዚል። ብትቀር ማንም አይወቅስህም፣ እኔም አልወቅስህም። በአንድ ድምፅ እንዳንወድቅ ብዬ ነው።"

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለራሴ እንኳ ስነግረው አስገደደኝ እያልኩ ነበር። ክራሾው ባለፈው መጋቢት ሞቷል፤ ዝም ብል፣ እንዳላስገደደኝ መስክሮ ሊያጋልጠኝ የሚችል አንድም ሰው የለም። ግን አላስገደደኝም። ምርጫውን እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ሦስት ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ስለ ጎሮንዊ አላሰብኩም፣ ስለ ካባው ሰዎች አላሰብኩም፣ ስላንቺም ቢሆን። ያሰብኩት ነገ ጠዋት የእኛ ሰዎች ሻይ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚያዩኝ ነው። ዳቦዬን በግማሽ ትቼ ተነሳሁ። መተላለፊያው ውስጥ ሰዉ ተጨናንቆ ነበር፤ አንድ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "መጣህልን" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ኔሪስ። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ደስታ ነው።

ድጋፍ ሁለት መቶ ስልሳ አንድ፣ ተቃውሞ ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት። የእኛ ወገን በጩኸት ተናወጠ። እኔም ጮህኩ።

እኔ ብቀር እኩል ለእኩል ይሆን ነበር። እኔ አልቀርም ብዬሽ አንቺ ብትመጪም እኩል ለእኩል ይሆን ነበር። እኩል ሲሆን ደግሞ አፈ ጉባኤ እንደ ልማዱ ውይይቱ እንዲቀጥል ነው ድምፁን የሚሰጠው። ሕጉ በሕይወት ይቆይ ነበር። የገደለው ያንቺ እምነት ነው ማለት ነው፤ በእኔ ላይ የጣልሽው።

ወዲያው ያንቺ ወገኖች ጥንድነቱ ፈረሰ ብለው ጮሁ። ክራሾው በራሱ እስክሪብቶ ስማችንን ከመዝገቡ ሰረዘና፣ የሰረዘችው የተጠሪዎቹ ቢሮ ጸሐፊ ናት፣ ከሌላ ጥንድ ጋር አሳስታን ነው ተባለ። ለእኔም፣ "ኔሪስ መጥታለች፣ ጥንድነቱ ተነስቷል" ብላ የነገረችኝ ይህችው ጸሐፊ ናት ተባለ። እኔ ይህን ወሬ አልፈጠርኩትም። ግን ያንኑ ዕለት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደውዬ ለአንቺ የነገርኩሽ እኔ ነኝ። ተንተባተብኩ፤ ከኀዘን መሰለሽ። አንቺም "አይዞህ፣ ዴንዚል። ያንተ ጥፋት አይደለም። ጎሮንዊ ከሰዓት በኋላ አርፏል፣ እጁን ይዤው ነበር፣ ስለዚህ አመሰግንሃለሁ" አልሽኝ። ባልሽ ከሞተ ሁለት ሰዓት አልሞላውም፣ አንቺ እኔን ታጽናኚ ነበር።

ጸሐፊዋ ወይዘሪት ፔንፎልድ ወደ ምድር ቤት መዝገብ ክፍል ተዛወረች። እውነቱን ታውቃለች፤ ክራሾው ሲሰርዝ ቆማ አይታዋለች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ስታገኘኝ "እንደምን አደሩ" ከማለት ሌላ አንድ ቃል አልወጣትም። እኔም አጸፋውን መልሼ አልፋት ነበር። ባርኔጣዬን አነሳላት ነበር፣ ይህን እንደ ጨዋነት ቆጥሬው።

ቀብሩ ላይ መጣሁ። ከቀብር በኋላ በጸሎት ቤቱ የኋላ ክፍል ሻይ ሲቀዳ፣ ክንዴን ይዘሽ የካባውን ሰዎች አንድ በአንድ አስተዋወቅሽኝ። "ይሄ ዴንዚል ነው። ወገናችን አይደለም፣ ግን ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው" ትያቸው ነበር። ኢድሪስ የሚባለው ሽማግሌ፣ ያ በየሁለት ቃሉ መሃል የሚያስለው፣ እጄን በሁለት እጁ ያዘና "አንተም ተታለልክ፣ እኛም ተታለልን፤ አትዘን" አለኝ። ያለቀስኩት ያኔ ነው። ያንን ልቅሶ ነው ቅዳሜ ልትነግሪያቸው የተዘጋጀሽው። የእፍረት ልቅሶ ነበር፤ አንቺ ግን የሐቀኛ ሰው እንባ ብለሽ ለጋዜጣም ጻፍሽልኝ።

ሕጉ ያለፈው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ያንቺ ፓርቲ መንግሥት ሲሆን ነው። ኢድሪስ አልደረሰበትም። ያኔም የእኛ ፓርቲ "ተቃወሙ" አለ፣ ያኔም ተቃወምኩ። በመሃል "ሰር" የሚል ማዕረግ ተሰጠኝ፣ ለሕዝብ ስላበረከትኩት አገልግሎት ተብሎ። አንቺ "አሁን ጃንጥላህን የሚይዝልህ ሰው ይቀጠርልህ" ብለሽ የደስታ መግለጫ ላክሽልኝ። ስቄ መልስ ጻፍኩልሽ። ያን ሁሉ ጊዜ ልነግርሽ እችል ነበር። ምክር ቤቱን የለቀቅሽ ዕለት፣ በወንዙ ዳር አብረን ስንሄድ፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ አይስ ክሬም ልግዛልሽ አልኩሽ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጠይቅሽም። ልብሽን ስለማውቀው ትዪኛለሽ ብዬ እፈራለሁ፣ ለእኔም ርካሽ ይሆንብኛል። የማደርገውን ብቻ ልንገርሽ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በምክር ቤቱ ቆሜ የግል መግለጫ አነባለሁ። አፈ ጉባኤዋ ጽሑፉን አይታ ፈቅዳለች። እንዲህ ይላል፦ "የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለናንትላስ ተወካይ እንደማልገባ ቃል ሰጥቼ ገባሁ። ማንም አላስገደደኝም። ወይዘሪት ፔንፎልድ ምንም አልተሳሳተችም። ይህን ሁሉ ጊዜ ዋሽቻለሁ።" እንዲህ ያለ መግለጫ ሲነበብ ማንም እንደማያቋርጥ ታውቂያለሽ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ወይዘሪት ፔንፎልድ አድራሻዋ ተገኝቷል፣ ለእሷም ዛሬ እጽፋለሁ። እራቱን ሰርዣለሁ። ለሂልዳ ሁሉንም በስልክ ነገርኳት፤ "አራት መቶ ቅጂ እኮ ታትሟል" አለችኝ። ሌላ ምን ትበል፣ ምስኪን።

እሁድ ናንትላስ እመጣለሁ። ከጸሎት በኋላ የካባው ሰዎች ሚስቶችና ልጆች ዛሬም እዚያው የኋላ ክፍል ሻይ እንደሚጠጡ ፓስተሩ ነግሮኛል። ፊታቸው ቆሜ እንድናገር ፈቅዶልኛል። አንቺን ያልጠየቅኩሽ ሆን ብዬ ነው። ብጠይቅሽ ክንዴን ይዘሽ አጠገቤ ትቆሚያለሽ፣ አመልሽ ነው። እባክሽ አትቁሚ። መምጣት ካልፈለግሽ በርሽን ዘግተሽ ቤትሽ ሁኚ፣ አላንኳኳም። ከመጣሽ ግን ከእነሱ ጋር ተቀመጪ፣ ፊት ለፊት እዪኝ፣ ከእነሱ ጋር ሆነሽ ስሚኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ግራና ቀኜ የእኛ ሰዎች እየተጋፉ በአንድ በር ስገባ ኖሬያለሁ፤ ብቻዬን የቆምኩበት አንድ ቀን የለኝም። እሁድ ብቻዬን ልቁም።

ዴንዚል ሃርግሪቭ
ኦልደርዊክ