እርማት በትልቁ ፊደል

ደባርቅ፣ መጋቢት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ ስጦታ፣ ማርያም በሰው አገር ከብርዱም ከክፉ ሰውም ትሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ገብሱን ውርጭ ቢመታውም ለዓመት አያንሰንም። ላሟ ወልዳለች። ለአባትሽ የላክሽው ሹራብ ደርሷል።

ደብዳቤ የሚጽፍልኝ መምህር ያርጋል ዛሬ ጋዜጣ ሲያነብልን «እርማት» የሚል ሰማሁና ምን ማለት ነው አልሁት።

«ጋዜጣው ሲሳሳት፣ እንዲህ ያልነው እንዲህ ተብሎ ይነበብ የሚልበት ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ለእኔም ጻፍልኝ።»

«እማማ እናናዬ፣ ፈተናዋን ትጨርስ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። አሁን ጻፍ።»

ልጄ፣ ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎች «አባትሽ ሰላም ይልሻል» ያልሁት፣ «አባትሽ በጥቅምት አርፏል» ተብሎ ይነበብ። ሳንባውን ሦስት ቀን ታሞ ነው። መርዶ በወረቀት አይነገርም ብዬ፣ ለፈተናሽም ሰግቼ ደበቅሁሽ። አንቺ ግን ለሞተ ሰው ሹራብ ስትመርጪ ከረምሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ያርጋል እርማት የሚወጣው በገጹ ጥግ በደቃቅ ፊደል ነው ይላል። የእኔን በትልቁ ጻፈው ብዬዋለሁ።

የአገር ልጅ ፈልጊና አብራችሁ አልቅሱ። የእሱን ዕድሜ ለአንቺ ይጨምርልሽ። ሹራቡን ለማንም አልሰጠሁም፤ ለማን እንደሚሆን አንቺ ጻፊልኝ።

እናትሽ እናናዬ