ስለ ትልቋ ሞተር ለሁንዴ የማልነግረው

ይድረስ ለልጄ ለእታፈራሁ ጉተማ፣ ድሬዳዋ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ሙቀቱ እንዴት ያደርግሻል? የራስ ምታቱስ ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ ዲማ ደህና ነው? ትንሿ ሠርከአዲስ ጥርስ አወጣች? እናትሽ ይህንን ሦስት ጊዜ ጻፍ ብትለኝም አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ጎባ እንደ ልማዷ በጉም ተሸፍና ከርማለች፤ ገብሱ ደህና ነው። አክስትሽ ወለተኢየሱስ ጉልበቷን እያመማት እንኳ ፍልሰታን አንድ ቀን ሳታጓድል አስቀድሳለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ዙሪያ ጥምጥም እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ ሁንዴ እኔ ጡረታ በወጣሁበት መሥሪያ ቤት በመልእክተኛነት መቀጠሩን ጽፌልሽ ነበር። ከግንቦት ጀምሮ ትልቅ ሞተር ሰጥተውታል። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት የነዳኋትን፣ አንቺን ከኋላ አስቀምጬ ሮቤ ገበያ የምወስድባትን ትንሿን አትረሻትም። እሷን ሁለት ሰው ብድግ አድርጎ ጭቃ ያሻግራታል። ኩርባ ላይ ወገብሽን ዘንበል ካደረግሽላት ትገባለች፤ ብትሳሳቺም መሬቱን በእግርሽ ደግፈሽ ትመልሻታለሽ። ማንም ሳያስተምረኝ፣ እየወደቅሁ እየተነሣሁ የተማርኩት ይህን ነው። ለሁንዴም ከልጅነቱ ጀምሮ “በሰውነትህ ግባ፣ መሪውን እርሳው” እያልኩ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው።

ትልቋን ከያዘ ወዲህ ግን ኩርባ ሲደርስ እየቀዘቀዘ፣ እየተጠነቀቀ ሲታጠፍ አየሁት። በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ፣ ባልደረቦቹ ቆመው እየሰሙ፣ “እንስራ እንደተሸከመች ሴት ነው የምትታጠፈው” አልኩት። መቼም አፌን ታውቂዋለሽ። ፊቱ ቀላ። “አባባ፣ የእርስዎ ሞተር እኮ ፍየል ነበረች፤ ይቺ በሬ ናት” አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም “ፍየልም ሆነች በሬ የምትሄደው ነጂው ወዳለው ነው፤ ቁልፉን አምጣ” አልኩት።

ውሸት አልጽፍም፤ ቀጥታው መንገድ ላይ ግሩም ናት። አልጋ ላይ የተቀመጥሽ ይመስልሻል፤ ኮረቱ እንኳ አይሰማሽም። ከገበያው በታች ካለው ኩርባ ስደርስ እንደለመድኩት ወገቤን ጣልኩላት። አልሰማችኝም። ቀጥ ብላ ወደ ቦዩ ሄደች። ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ስይዝ ጭራሽ ቀና አለችና ኩርባውን ስታ ወጣች። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማይና ጭቃ ነው። እግሬ ላይ ተኛችብኝ፤ የጋለው የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ባቴን እየጠበሰኝ ገፋሁ፣ ደግሜ ገፋሁ፣ ንቅንቅ አላለችም። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ድረሱልኝ ብዬ ሰው የጠራሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ቀድሞ የደረሰው ጋሪ ነጂው ማሜ ነው። “ጋሽ ጉተማ፣ እሷ ናት የተኛችብዎ ወይስ እርስዎ ነዎት ያቀፏት?” እያለ ከሁለት ሰዎች ጋር አነሣልኝ። ሁንዴ እየሮጠ መጣ። ከቦዩ ደግፎ አወጣኝና የተጣመመውን ስፔኪዮ ያቃና ጀመር። ቀና ብሎ አላየኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ንዴቴ ከቃጠሎው በለጠና “ሁለተኛ ስለ ሞተር አንዲት ቃል ብነግርህ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ” ብዬ በሰው ፊት ማልኩ።

ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ተኝቼ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለምን አልሰማችኝም? እግሬ ሲሽርልኝ ትንሿን ሞተር አሁን ከያዛት ሰው ለምኜ ሜዳ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት ነዳኋት። ወገቤን ሳላንቀሳቅስ የመሪውን የቀኝ እጀታ በመዳፌ ወደ ፊት ገፋ አደረግሁት። ወደ ግራ ትሄዳለች ስል ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ታጠፈች። ደገምኩት፤ ያው ነው። በግራም ሞከርኩት፤ ያው ነው። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ወገቤ ነው ስል የሚያዞራት እጄ ኖሯል! ትንሿ ቀላል ስለሆነች እጅሽ ሳታውቂው ይሠራዋል። ትልቋ ግን ከባድ ናት፤ አውቀሽ ካልገፋሻት በወገብሽ ብቻ አትታዘዝም። ልጁን ያስተማርኩት ትምህርት ጎዶሎ ነበር። ይህን ለመጻፍ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ።

ባለፈው ሰኞ ከዲንሾ ሲመለስ ካፖርቱ በግራ በኩል ከትከሻው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ነበር። ለእናትሽ “የጭነት መኪና ረጨኝ” አላት። መኪና የረጨው ጭቃ እንዲያ አይለጠፍም። ወጥቼ ሞተሯን አየኋት፤ የግራው እግር ማሳረፊያ ወደ ላይ ታጥፏል። በዲንሾ ቁልቁለት ከኩርባዎቹ በታች ያለው ገደል መሆኑን ለአንቺ አልነግርሽም። ሁንዴ ደጅ ቆሞ እጁን ይታጠባል። አጠገቡ ሄጄ አፌን ከፈትኩ። መሐላዬ ትዝ አለኝና “እራት ቀርቧል” ብዬው ገባሁ።

እናትሽ “መሐላህን አፍርስ፣ ቄሱ ንስሐ ይሰጡሃል” ትለኛለች። በአባቴ አጥንት የማልኩትን አላፈርስም። ባፈርሰውስ ከቦይ ጎትቶ ያወጣኝ ልጅ ስለ ኩርባ ብነግረው ይሰማኛል? እሷው ራሷ አንድ ቀን ልትነግረው ብትጀምር “አባባ ልኮሽ ነው” ብሎ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። የቀረኝ ሰው ዲማ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሆኖ ስንት ዓመት ትልቅ ሞተር ነድቷል፤ ሁንዴም ያከብረዋል። ከዚህ በታች ያለውን ዲማ ከራሱ እንደመጣ አድርጎ ይጻፍለት። የእኔ ስም እንዳይነሣ።

ኩርባው ከመድረሱ በፊት፣ ሞተሯ ቀጥ ብላ ሳለች፣ ፍሬኑንም ማርሽ መቀነሱንም ይጨርስ። ዐይኑን ከፊት ጎማው አንሥቶ የኩርባው መውጫ ላይ ያድርግ። ከዚያ በሚታጠፍበት በኩል ያለውን እጀታ በእርጋታ ወደ ፊት ይግፋ። ከገባ በኋላ የፊቱን ፍሬን አይንካ፤ ጋዙንም በድንገት አይልቀቅ። እግሩን መሬት ለማስደገፍ አያውጣ፤ ያ ለትንሿ ነው፣ የትልቋ ክብደት እግር ይሰብራል። ደግሞም ቀስ ብሎ መታጠፉ ፍርሃት እንዳልሆነ፣ ልክ እንደነበረ ይንገረው። ዲማ ሌላውን ቢረሳ ይህችን የመጨረሻዋን እንዳይረሳ።

ክረምቱ መንገዱን ስላበላሸው የፖስታ መኪና ከዲንሾ ወዲህ አይመጣም። ደብዳቤዬ አንቺ ዘንድ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት፣ የዲማ እስኪመጣ ሌላ ሁለት ሳምንት ነው። ሁንዴ በየሰኞውና በየሐሙሱ ይወጣል። እስከዚያ ስምንት ጊዜ ያን ቁልቁለት ይወርዳል ማለት ነው፤ እኔም ስምንት ጊዜ ደጅ እቆማለሁ። የጎባን ፖስታ ዲንሾ የሚያደርሰው ደግሞ እሱ ነው። ይህን የጻፍኩልሽን ሁሉ እንደታሸገ ዛሬ በጀርባው አዝሎት ይሄዳል።

እናትሽ ማናልበሽ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማለች። ወለተኢየሱስ በጸሎቷ አትረሳሽም። ማሜም ሰላም ብሎሻል። ዲማን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ ሠርከአዲስን በእኔ ስም ሳሚያት። ሁንዴ “እህቴን ሰላም ይበሉልኝ” ብሏል። ምን እንደምጽፍልሽ አልጠየቀኝም።

ሞተሯን አስነሥቶ ደጅ እየጠበቀኝ ነው። ፖስታውን ላሽግ።

አባትሽ ጉተማ

ጎባ፣ ባሌ ጠቅላይ ግዛት
ሐሙስ፣ ነሐሴ ፳ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.