ሁለተኛው የቀብር ወረቀት

ለተከበሩ ሚስተር ግራንት ዊትሎክ፣
የከተማው ቤተ መጻሕፍት ቦርድ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤና፣ ዕድሜና የሰላም እንቅልፍ እመኝልዎታለሁ። እኔም ባለፈው ቅዳሜ እህቴን አርኔታን ከመቅበሬ በስተቀር ደህና ነኝ።

አንደኛ፣ የጥቁሮች ታሪክ ቤተ መጻሕፍትን ሠላሳ አንድ ዓመት ስመራ ያከማቸሁትን «ዋጋ የሌለው የግል ወረቀት» በሦስት ቀን የሐዘን ፈቃዴ ውስጥ አስጠርገው ስለጣሉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ በየቀብራችን የሚታደለው፣ የሟች ፎቶና የሕይወት ታሪክ ያለበት ነው። የሰፈራችን ለቀስተኛ ሁለት ይወስዳል፤ አንዱን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ያኖራል፣ ሁለተኛውን ለእኔ ያመጣል። የብዙዎቹ ሟቾች ስም ከእናት ከአባታቸው ስም ጋር የተጻፈው እዚያ ላይ ብቻ ነበር። ወረቀቶቹን በኮምፒዩተር ቀድተን እንድናስቀምጥ ዘጠኝ ዓመት ያመለከትኩትን ማመልከቻ በትዕግሥት ሳይመልሱ ስላቆዩልኝም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ሚስተር ሌሮን ጋይንስን ከመመላለስ ስለገላገሉልኝ። እናቱ በሃያ ሦስት ዓመቷ ስትሞት እሱ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ ያላት ፎቶ የቀብሯ ወረቀት ላይ ያለው ብቻ ነው። ሰባ ዓመት አልፎትም በየልደቱ እየመጣ፣ «ሚስ ቨርኔል፣ እስቲ ያቺን ልጅ እግር እናቴን አምጪልኝ፤ ዘንድሮም ሃያ ሦስት ናት?» ይለኛል። ኮፒ ላንሳልህ ስለው፣ «ተይ፣ የእኔ ቤት ያፈሳል፤ እሷ እዚሁ ካንቺ ጋ ትሁን» ይላል።

ማክሰኞ ልደቱ ነበር። ባዶውን መደርደሪያ አይቶ፣ «የት ሄደች?» አለኝ። 

ሦስተኛ ምስጋና ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። «ቀለም ልንቀባ ነው» ሲሉኝ ቁልፉን ለሠራተኞችዎ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ወደ ቀብር እየተጣደፍኩ ስለነበር አልጠየቅሁም። እርስዎን ይቅር ብል እንኳ ራሴን ይቅር አልልም።

ለክቡርነትዎ ካለኝ የማያልቅ አክብሮት ጋር፣ ባዶ መደርደሪያ ከሚጠብቁት አገልጋዮችዎ አንዷ፣
ቨርኔል ፕሩዌት
የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ከአርኔታ ቀብር እንደ ልማዴ ሁለት ወረቀት ይዤ ተመልሻለሁ። ሁለተኛው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። እባክዎ ሌሎቹን የጣሉበት ቦታ ይጣሉልኝ፤ ከሰፈሯ ሰው እንዳትለይብኝ።