ሁለተኛው መግለጫ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ተሽሏታል። ዛሬ ምሳ ሰዓት ቤት ደርሼ ነበር፤ ሬዲዮዋን ላሠራልሽ ብዬ ይዤባት ወጣሁ። ሬዲዮው ምንም ብልሽት አልነበረበትም።

ሥራዬ ያው ነው። ዋሻው ውስጥ አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር የእኛ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሁለት መግለጫ ቀድሞ ያዘጋጃል፤ አንዱ ለደጉ፣ አንዱ ለክፉው። ጠዋት አለቃዬ ጠራኝና፣ «ሁለቱንም አንቺ ጻፊው፤ የሰው ታሪክ መጻፍ እንዳንቺ የሚያውቅበት የለም» አለኝ። «ሁሉም ሠራተኞች በሰላም ወጥተዋል» የሚለውን በአምስት ደቂቃ ጨረስኩት። ሁለተኛውን ሌላ ሰው ይጻፈው ብዬ እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በአሥራ ሁለት ዓመት እምቢ ብዬው ስለማላውቅ ትክ ብሎ አየኝ። አንተ ወንድሜ እዚያ እንደምትቆፍር አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም።

ለመሆኑ በዚህ ሳምንት ፈረቃህ የጠዋት ነው የማታ? ነግረኸኝ ነበር፤ ጠፋብኝ።

ይህን የሚያደርስልህ ወደዚያ የሚወጣው ሾፌራችን ነው። የእናንተ ስልክ ስለማይነሳ፣ መልስህን ሳይቀበል እንዳይመለስ አደራ ብዬዋለሁ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ደብዳቤህን በቀይ እስክሪብቶ እያረምኩ ስመልስልህ ትናደድ ነበር አይደል? ዛሬ እንዳሻህ አበላሽተህ ጻፈው። አንድ ፊደል አልነካብህም።

መኪናው እስኪመለስ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ የምትቆመው፣
እህትህ