በሰባት ሰው ለተመረጡት የዕድራችን ፕሬዚዳንት

አዲስ ከተማ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሀብተ ወልድ፣ የሰባቱ ተራ ነጋዴዎች ዕድር ፕሬዚዳንት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እየጠየቅሁ፣ እግዚአብሔር ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥ እመኛለሁ። በአዲሱ ውሳኔዎ መሠረት ቤተሰብ ማለት ባል፣ ሚስትና ልጅ ብቻ ስለሆነ፣ ለእናትዎ የሚገባውን ምርቃት ለብቻው መጻፍ ይኖርብኝ እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

የእኔ እናት ወይዘሮ አስናቀች ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ካለፈው ሰኔ ወዲህ ከአልጋ አልተነሣችም። እሑድ ዕለት ጸሐፊው ዕድሩ ከእንግዲህ የአባልን ወላጅ እንደማይቀብር ሲያነብ ሰማሁ። ስለዚህም ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያየው በዕድሩ ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋና ይድረስዎ። ቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ሁላችንም በድንኳኑ ሥር ተሰብስበን፣ እጅ አውጥተን፣ ተጯጩኸን ነበር። እያንዳንዱ ተራ አንድ መራጭ ይላክና ሰባቱ ይምረጡ የሚለው ሐሳብዎ ከዚያ ሁሉ ገላግሎናል። ሰባት ሰው በአንድ ሳሎን ይበቃል፤ ሳሎኑም የእርስዎ ስለነበረ ምሳው ጥሩ እንደነበር ሰምተናል።

ሁለተኛ፣ እውነቱን ለመናገር ሥርዓቱ ፍትሕ አለው። ዐሥራ አንድ አባል ብቻ ያለው ማር ተራ ቀድሞ በእኛ በመቶ አርባ በርበሬ ነጋዴዎች ይዋጥ ነበር፤ ዛሬ እኩላችን አንድ ድምፅ አለው። ይህ ትክክል ስለመሰለኝ እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌዋለሁ። አሁን ስጮኽ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ አልከፋም።

ሦስተኛ፣ መራጫችን አቶ አገኘሁ ነው። የመረጥነው የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር ነው። የሰው እናት እንደ እናቱ የሚያየውን አቶ ኸይረዲንን እንዲመርጥ በአንድ ቃል ተስማምተን ላክነው፤ እርስዎን መርጦ ተመለሰ። ብንጠይቀው፣ መራጭ መልእክተኛ እንዳልሆነና የሚመርጠው በኅሊናው እንደሆነ በትሕትና አስረዳን። ኅሊናው የተናገረው ከምሳ በፊት ይሁን ከምሳ በኋላ ለመጠየቅ አፈርን።

አራተኛ፣ አቤት ልል ወደ እርስዎ ብመጣ፣ የመረጡኝ ሰባቱ ናቸውና ለእነርሱ ንገሪ አሉኝ። ለአቶ አገኘሁ ብነግረው ደግሞ ውሳኔው የፕሬዚዳንቱ ነው አለኝ። በሁለታችሁ መካከል ስመላለስ እናቴ ከቀን ወደ ቀን እየደከመች ነው። ባሌ ሞቷል፣ ወንድም የለኝም፤ እናቴን ብቻዬን ተሸክሜ ተክለ ሃይማኖት ማድረስ አልችልም። እፈራለሁ፣ ክቡርነትዎ።

ስለ ሰጡን ጸጥተኛ ምርጫ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽሁ፣ ውሳኔዎን እንደገና እንዲያዩልኝ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

ድምፅዋን ለአቶ አገኘሁ አደራ የሰጠች አክባሪዎ፣
ሙሉመቤት ውብሸት፣ ከበርበሬ ተራ

የተጨመረ፦ ከፈረምሁ በኋላ እናቴ ውሳኔውን ከጎረቤት ሰማች። ቀባሪ በሌለኝ ከተማ አልሞትም፣ መቀመጥ እየቻልሁ ወደ መንዝ መልሱኝ ብላለች። ቅዳሜ ከጠዋቱ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ከአውቶቡስ ተራ እንሳፈራለን። እስከዚያ በሕይወት ስላለች፣ መጥተው ቢሸኟት ደንብዎን አያፈርሱም። አደራዎን፣ ወኪል እንዳይልኩ።